ማሰሪያ አንቀጹን መጠበቅ፦ «ኦሮማይ»ን እንደ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ማንበብ

1. መነሻ

የአማርኛ ሰዋስው መምህራን ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይሉታል። ከእርሱ በፊት የሚደረደሩትን፣ ድርጊት እየነገሩ ብቻቸውን ሐሳብ መቋጨት የማይችሉትን ግሶች ደግሞ «ቦዝ አንቀጽ» ይሏቸዋል። ሁለቱ ስያሜዎች ለወንጀል ልቦለድ ተብለው የወጡ አይደሉም። ይሁንና የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ፣ ለዘርፉ እንግዳ የሆነ የቋንቋ አጥኚ፣ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ አንባቢውን እንዴት እንደሚይዝ ለማስረዳት ከእነርሱ የተሻለ ቃል አላገኘም።

ስለ አማርኛ የምንጽፍ አጥኚዎች ምሳሌ የምንለቅመው በአብዛኛው ከተረት፣ ከምሳሌያዊ አነጋገር፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ትርጉምና ከመረጃ አቀባይ አፍ ነው። በአንድ ሌሊት ተጀምሮ የሚያልቅ፣ ስለላና ግድያ የሞላበት መጽሐፍ ለሰዋስው ማስረጃ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚወደደው በታሪኩ እንጂ በቋንቋው አይደለም የሚል ግምት በሥነ ጽሑፍ መምህራንም ዘንድ አለ። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን አመለካከቶች አብሮ ይሞግታል።

ክርክሩ የሚከተለው ነው። የልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ፍጥነት ከውጭ ተገዝቶ የመጣ ዕቃ ቢመስልም፣ በአማርኛ ውስጥ የሚሠራው በአማርኛ ሰዋስው ነው። ሰዋስዉ ድርጊቱን ማዘግየት ይችላል፤ አድራጊውንም መደበቅ ይችላል። ዘርፉ በሁለቱም ይጠቀማል፤ በመጨረሻ ግን አንባቢው «ማን?» ብሎ እንዲጠይቅና መልስ ሳያገኝ መጽሐፉን እንዳይከድን ያደርገዋል። ማስረጃዬ በዓሉ ግርማ በ1975 ያሳተመው «ኦሮማይ» ነው። ዓመታቱ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹ የአሠራሩን አጽም ለማሳየት በእኔ የተሠሩ ናቸው፤ ከመጽሐፉ የተቀዱ አይደሉም።

2. አፈላላጊውና ተፈላጊው

በሀገራችን ወንጀለኛን የማፈላለግ ሥርዓት ከልቦለድ በፊት የነበረ ነው፤ ሆኖም አፈላላጊው ብቸኛ ሰው አልነበረም። በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ የአካባቢው ነዋሪ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስም መበተን የለም። በሌባ ሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ወደ ሌባው ደጅ ይመራል ተብሎ ይታመን ነበር። በመጀመሪያው ጥፋተኛውን የሚያወጣው ማኅበረሰቡ ነው፤ በሁለተኛው ከሰው አስተውሎት ውጭ ያለ ኃይል ነው። ከፍንጭ ወደ ፍንጭ እየተሻገረ ብቻውን የሚያስብ መርማሪ የከተማ፣ የፖሊስ ጣቢያና የጋዜጣ ልጅ ነው።

ወደ አማርኛ የገባውም በእነዚሁ በሮች ነው። «ፖሊስና እርምጃው» የተሰኘው ጋዜጣ የወንጀል ዜናን ለሰፊው አንባቢ ያቀርብ ነበር። ማሞ ውድነህ በተረጎማቸው የስለላ መጻሕፍት፣ ለምሳሌም በ«ሰላዩ ሬሳ»፣ አንድ ሙሉ ትውልድ ከዓለም ጦርነት ሰላዮች ጋር ተዋወቀ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የስለላን ሴራ ከጣና ገዳማት ምሥጢር ጋር አጋብቶ እጅግ ብዙ አንባቢ አገኘ። በሬዲዮም የእሸቴ አሰፋ «ሸገር መቆያ» የሰላዮችንና የወንጀለኞችን እውነተኛ ታሪክ በአማርኛ ይተርካል። እንግዲህ ዘርፉ ለእኔ እንግዳ ቢሆንም ለቋንቋው እንግዳ አይደለም።

የሥነ ጽሑፍ ሒሳችን የሚጠቀምባቸው ቃላትም ያስተምራሉ። የልቦለድ ድርጊቶችን የምክንያትና ውጤት ሰንሰለት «ሴራ» እንለዋለን፤ በገበያና በችሎት ቋንቋ ግን ሴራ በድብቅ የተጠነሰሰ ክፋት ነው። «ትልም» የሚለው አማራጭ የመጣው ከእርሻ ነው፤ ገበሬው ለዘር የሚያወጣው መስመር ነው። ተረትን በትልም መግለጽ ይቻላል፤ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር በግልጽ ይታያልና። ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ግን ሴራ የሚለውን ቃል ሁለቱንም ፍቺ አንድ ላይ ይፈልጋል፤ ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርሳቸው ሲያሤሩ ደራሲው ደግሞ በአንባቢው ላይ ያሤራል። የሚከተሉት ሦስት ክፍሎች ደራሲው ይህን በየትኞቹ የሰዋስው መሣሪያዎች እንደሚያደርግ ይመረምራሉ።

3. ሥራ ፈቱ ግስ

ቦዘነ ማለት ሥራ ፈታ ማለት ነው፤ ቦዝ አንቀጽም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ውስጥ ግን ከእርሱ በላይ የሚደክም የግስ ዓይነት የለም። ይህን እንመልከት፦

ተነስቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ በሩን በቀስታ ከፍቶ፣ ሽጉጡን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ...

አራት ድርጊቶች ተደርድረዋል። አንባቢው የአድራጊውን መደብ፣ ቁጥርና ፆታ ያውቃል፤ የቅደም ተከተሉን ሥርዓትም ያውቃል። ነገሩ በእርግጥ መፈጸሙን ግን አያውቅም። ማሰሪያው «ተኮሰ» ከሆነ ድርጊቱ አልፏል። «ይተኩሳል» ከሆነ ገና ነው፣ አለዚያም ልማዱ ነው። «ሊተኩስ ነበር» ከሆነ አንድ ነገር አግዶታል። «አልተኮሰም» ከሆነ ደግሞ አሉታው የመጨረሻውን ግስ ብቻ ይንካ ወይስ የቀደሙትንም ይጨምር ራሱ ያጠያይቃል። አራቱ ቦዞች የጊዜያቸውንና የእውነትነታቸውን ውል የሚቀበሉት ከመጨረሻው ግስ ነው።

ግሱን ከባለቤቱ አጠገብ የሚያስቀድም ቋንቋ፣ እንደ እንግሊዝኛ ያለ፣ ይህን ዓይነት ጭንቀት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለመፍጠር ልዩ ብልሃት ያስፈልገዋል። በአማርኛ ግን የዕለት ተዕለት አነጋገር ነው። ገበያ ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው በዚህ አደራደር ነው። የልቦለድ ደራሲው የሚጨምረው ነገር ምጣኔ ነው፤ ስንት ቦዝ ይደረደር፣ ማሰሪያውስ መቼ ይውደቅ የሚለውን ይወስናል።

ገላጭ ሐረግም በዚሁ መንገድ ያገለግላል። «ትናንት ማታ በጓሮ በር ገብቶ መሳቢያውን የከፈተው፣ ወረቀቶቹንም ሳያዛንፍ የመለሰው ሰው» ስንል፣ ሥራው ሁሉ ተቆጥሮ ካበቃ በኋላ ነው ሰውየው ብቅ የሚለው። ድርጊት ይቀድማል፤ ባለድርጊት ይከተላል። መርማሪ የሚሠራውም እንዲሁ ነው፤ በእጁ ያለው ዱካ ነው፣ የሚፈልገው ባለዱካውን ነው። የአማርኛ ስማዊ ሐረግ በተፈጥሮው የምርመራ ቅደም ተከተል አለው ማለት ነው።

ከዚህ አንጻር በአንዳንድ የዘርፉ ትርጉሞች ላይ የሚያጋጥም አንድ ልማድ ሊተች ይገባል። ፍጥነትን ለማምጣት ተብሎ ዓረፍተ ነገሩ ይቆራረጣል፦ «ተነሳ። መብራቱን አጠፋ። በሩን ከፈተ። ሽጉጡን አወጣ።» በምንጩ ቋንቋ አጭር ዓረፍተ ነገር ልብ ያስደነግጥ ይሆናል። በአማርኛ ግን እያንዳንዱ ማሰሪያ አንባቢውን ያሳርፈዋል፤ አራቴ አርፎ የተጓዘ ሰው ደግሞ አልሮጠም። ሩጫው ያለው በቦዞቹ መደዳ ነው፤ አጭሩ ዓረፍተ ነገር የሚያስደነግጠው ከረጅም መደዳ በኋላ ብቻውን ሲመጣ ነው።

4. አድራጊውን መደበቅ

የወንጀል ልቦለድ ተርጓሚ ገና ከመነሻው የሚገጥመው ችግር አለ። የአማርኛ ግስ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ቁጥር ፆታን ያሳያል፤ «ገደለ» ወይም «ገደለች» ሳይሉ ማለፍ አይቻልም። ወንጀለኛው እስከ መጨረሻው ምዕራፍ እንዳይታወቅ የተጻፈ ታሪክ በመጀመሪያው ግስ ግማሹን ተጠርጣሪ ነጻ ሊያወጣ ነው።

ቋንቋው ግን ለዚህ ቢያንስ አራት መውጫ አለው። አንደኛው «ማን» ነው፤ «ማን ገባ?» የሚለው ጥያቄ ግሱን በወንድ ፆታ ቢያስቀምጥም የገባችውን ሴት አያስወጣም። «ገዳዩ» ማለትም ለጥቂት ገጾች እንዲሁ ያገለግላል፤ እየተደጋገመ ሲሄድ ግን በአንባቢው ልቡና ወንድ ይሆናል። ሁለተኛው መውጫ አንደኛ መደብ ነው፤ «ገደልኩ» የሚለው ቃል ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። ተራኪዋ ማንነቷን ሸሽጋ መቶ ገጽ ልትጓዝ ትችላለች።

ሦስተኛው ተገብሮ ነው፦ ተገደለ፣ ተወሰደ፣ ተቃጠለ። አድራጊውን «በእገሌ» ብሎ መጨመር ይቻላል፣ ግዴታ ግን አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ያለ ገዳይ ሙሉ ነው።

አራተኛው ከሁሉም የረቀቀ ነው። «መጡ» የሚለውን ግስ ብቻውን ብንሰማው ባለቤቱ ብዙ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንድ የተከበሩ አዛውንት ወይም አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፊት ለፊት የቆሙት «እርስዎ»ም ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ቁጥርና አንቱታ በዚህ መደብ አንድ መልክ አላቸው፤ ሁለቱም ፆታን አያሳዩም። አምስተኛ ፍቺ መጨመርም ይቻላል። «ወሰዱት» ሲባል ተናጋሪው ወሳጆቹን በስም አያውቅ ይሆናል፤ ቢያውቅም አይናገርም። በደርግ ዘመን ያደገ አንባቢ ይህን ግስ ሲሰማ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይጠይቅም ነበር። አለመጠየቁ ከፍርሃት የመጣ ነው፤ ሰዋስዉ ደግሞ ለፍርሃቱ መጠለያ ሰጥቶታል።

አንቱታ በምርመራ ክፍል ውስጥ ሌላም አገልግሎት አለው። መርማሪው «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ በአንድ ምላሽ መካከል «አንተ» ወደሚለው ቢሻገር፣ ደራሲው «ተቆጣ» ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም። በሌላ ቋንቋ የድምፅ ቃናና የፊት ገጽታ ገለጻ የሚጠይቀውን በአማርኛ አንድ ተውላጠ ስም ይሸከመዋል። ከ1966 በኋላ የመጣው «ጓድ» ደግሞ ነገሩን አወሳሰበው፤ እኩልነትን የሚያውጅ መጠሪያ ከአንቱታ ግስ ጋር ሲቀናጅ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ የሚያውቀው ንግግሩን በጥሞና የሚያዳምጥ ሰው ብቻ ሆነ።

5. ወሬው ይቀድማል፣ አውሪው ይከተላል

የሐሰት ፍንጭ የዘርፉ ቅመም ነው። አማርኛ ለዚህም የተዘጋጀ ሥርዓት አለው። «ሰነዱ ተቃጥሏል ብሎ ነገረኝ» በሚለው ዓረፍተ ነገር አንባቢው መጀመሪያ የሚያገኘው የሰነዱን መቃጠል ነው። ለአንድ አፍታ እውነት ሆኖ ይቆያል፤ «ብሎ ነገረኝ» ሲመጣ የሌላ ሰው ቃል ይሆናል። «ሰውየው የሞተ መሰለኝ» በሚለውም ሞት ይቀድማል፤ ጥርጣሬ ይከተላል።

በአንደኛ መደብ በተጻፈ ልቦለድ ይህ ሥርዓት ትልቅ ሥራ ይሠራል። ተራኪው ያየውን፣ የሰማውንና የገመተውን የሚለዩት መጨረሻ ላይ የሚመጡ ትንንሽ ቃላት ናቸው፦ አሉ፣ ይባላል፣ መሰለኝ፣ ሳይሆን አይቀርም። ፈጣን አንባቢ እነዚህን ይዘላል፤ ተንኮለኛ ደራሲ ደግሞ እንደሚዘላቸው ያውቃል። ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ተመልሶ «ማን ነበር ይህን ያለው?» ብሎ መፈለግ ለእኔ የዘርፉ ትልቁ ደስታ ሆኖ ተገኝቷል። የቋንቋ አጥኚ ከሚሠራው ሥራ ብዙም አይለይም።

6. «ኦሮማይ»

መጽሐፉ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ በ1974 አስመራ ላይ ሲታወጅ ያለውን ጊዜ ይዞ የተጻፈ ነው። ተራኪው ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ እንዲመራ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ይላካል። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ቀርታለች፤ በአስመራ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ከጀርባቸው የመንግሥት የደኅንነት ሹሙ ኮሎኔል በትሩ ተሰማና የሻዕቢያው የስለላ ሰው ስዕላይ በራኺ ይፈላለጋሉ። ደራሲው ራሱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ በዘመቻው የተሳተፈ በመሆኑ የስብሰባውን አዳራሽም የጋዜጠኛውን ሥራም ያውቃቸዋል።

መጽሐፉን በልብ አንጠልጣይነቱ ስናነበው ሁለት ዓይነት አማርኛ ይፎካከሩበታል። አንደኛው የስብሰባና የሪፖርት አማርኛ ነው፤ ረጅም፣ በስም የታጨቀ፣ በተገብሮ የሚጓዝ። ሁለተኛው የፀጋዬ የራሱ አማርኛ ነው፤ በቦዝ የሚሮጥ፣ በንግግር የሚቆራረጥ፣ በቡና ቤትና በሆቴል አዳራሽ የሚንሸራሸር። የመጀመሪያው ሲበዛ መጽሐፉ ይከብዳል፤ የዘመቻውን ንግግሮችና ስብሰባዎች በትዕግሥት ያላነበበ ሰው ሊፈረድበት አይገባም። አዲስ አንባቢ ገጽ ለመዝለል የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም ሁለቱ አማርኞች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ራሱ የመጽሐፉ ፍርድ ነው። የሪፖርቱ ቋንቋ ድርጊትን ያለ አድራጊ ይቆጥራል፤ የተራኪው ቋንቋ ደግሞ አድራጊዎቹን በስማቸው፣ በድካማቸውና በፍርሃታቸው ያሳየናል።

የሴቶቹ አሣሣል የመጽሐፉ ደካማ ጎን ነው። ሮማንና ፊያሜታ አንዷ ቤት ሌላዋ ጀብዱ ሆነው ተከፋፍለዋል፤ ዘርፉ በየትም ሀገር የሚወደው ክፍፍል ነው። ፊያሜታን ከዚህ የሚያወጣት ጥርጣሬ ነው። ለማን ወገን እንደቆመች አንባቢው በእያንዳንዱ ግንኙነት ይመዝናል፤ ፀጋዬ ስለ እርሷ የሚነግረን ሁሉ በፍቅር የተያዘ ሰው ቃል በመሆኑ፣ ከላይ ያነሳነው «መሰለኝ» በማይጻፍበት ቦታ እንኳ ይሰማል።

መርማሪ ልቦለድ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሬሳ ይጀምራል፤ ገዳዩ ሲታወቅ ሥርዓት ይመለሳል። «ኦሮማይ» ይህን ውል አይፈርምም። ሰላዩን የማደን ታሪክ በፍጥነት ይሄድና ወደ ናቅፋ ግንባር ሲያደርሰን፣ «ማን ገደለ?» የሚለው ጥያቄ የሬሳው ብዛት ሲያሸንፈው እናያለን። አንባቢው ማሰሪያ ይጠብቃል፤ የሚሰጠው ግን ርዕሱ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛው «ኦርማይ» በአስመራ በኩል የመጣ ነው። ጣሊያንኛው «ከእንግዲህ ወዲህ፣ አሁንማ» የሚል ፍቺ አለው፤ በመጽሐፉ «አበቃ፣ አከተመ» ወደሚለው ያደላል። በጉዞው መካከል አንድ አናባቢ ጨምሯል። «ግርማ» ብሎ የሚጠራ ምላስ «ር»ንና «ም»ን ማያያዝ አይቸግረውምና፣ የተጨመረው «ኦ» ከፊቱ ያለውን ድምፅ አስተጋብቶ የገባ ይመስላል። ለድምፀ ልሳን አጥኚ ትንሽ ስጦታ ነው።

ከመጽሐፉ ውጭ ያለው ታሪክ የታወቀ ነው። መጽሐፉ ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ይህን ስንናገር የምንጠቀምበት ግስ «ተሰወረ» ነው። የዚህ «ተ» አገልግሎት ለማንኛውም የሰዋስው ተማሪ ግልጽ ነው፤ ድርጊቱን ይነግረንና አድራጊውን ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጽሐፉ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ታተመ፤ የሩቅ ሀገር አንባቢም እንደ ስለላ ልቦለድ ተቀበለው። በእንግሊዝኛም የደራሲውን ፍጻሜ የሚገልጸው ግስ አድራጊ የለውም።

7. መንደር 8 ላይ ማንበብ

መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ በስም ሳይሆን በቁጥር በሚጠራው መንደር 8 ነው። ከኅዳር 2013 ጀምሮ ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ ሰዎች በዚህ ስፍራና በሐምዳይት በኩል ተመዝግበው ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ካምፖች ተልከዋል። ኡም ራኩባ በ1970ዎቹም የረሃብና የጦርነት ስደተኞችን ያስተናገደ ስፍራ ነው። የብዙዎቹ አፍ መፍቻ ትግርኛ ነው፤ አማርኛን ከትምህርት ቤትና ከሥራ፣ ዓረብኛን ከገበያ ያውቃሉ። በእጃችን የነበረው አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበረ ከጥቂት ሰዎች ጋር ተራ በተራ ድምፅ አውጥተን አነበብነው። ከዚያ ንባብ ለሰዋስው የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አስተዋልኩ።

አንደኛው፣ የአንድ መጽሐፍ ፍጥነት ለሁሉም አንባቢ አንድ አይደለም። «ኦሮማይ» በአማርኛው መካከል የሚያስገባቸው የትግርኛ ቃላትና አባባሎች ትግርኛ የማያውቀውን አንባቢ ያዘገዩታል፤ ቆም ብሎ ከዐውዱ ይገምታል። ለመንደር 8 አንባቢዎች ግን ገጹ የሚፈጥነው እዚያ ላይ ነበር። በቃላቱ ፈገግ ይላሉ፣ የአስመራን አነጋገር ከራሳቸው ጋር ያነጻጽራሉ፣ አንዳንዱን ያርማሉ። ለአንዱ መሰናክል የሆነው ለሌላው ቁልቁለት ነው። ስለ ንባብ ፍጥነት የሚጠና ሁሉ የአንባቢውን ሌላ ቋንቋ መጠየቅ እንዳለበት ይህ በቂ ምልክት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ወደ ቦዝ አንቀጽ ይመልሰናል። ትግርኛም ተመሳሳይ የግስ መልክ አለው፤ ነገር ግን በትግርኛ «መጺኡ» ብቻውን ዓረፍተ ነገር ሊዘጋ ይችላል፤ «መጥቷል» እንደማለት ነው። የአማርኛው «መጥቶ» ይህን አይችልም፤ ማሰሪያ ይለምናል። ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ አንዳንዶቹ በቦዙ ላይ ድምፃቸውን እንደ መጨረሻ ዝቅ ያደርጉና፣ የሚቀጥለው ግስ ሲመጣ መልሰው ያነሱት ነበር። ለአማርኛ አፍ ፈት ጆሮ ያልተዘጋ የነበረው በር፣ ለትግርኛ አፍ ፈት አንባቢ ለአንድ አፍታ የተዘጋ ይመስል ነበር ማለት ነው። ይህ በጥቂት ሰዎች ላይ የታየ ስለሆነ መላ ምት እንጂ ግኝት አልለውም። በድምፅ ቅጂ ሊፈተን ግን ይገባዋል፤ ልብ ሰቀላ የሚባለው የሥነ ጽሑፍ ባሕርይ በድምፅ ውጣ ውረድ የሚለካበት አጋጣሚ ነውና።

ሌላው ጉዳይ ከሰዋስው በላይ ነው። የሰሜኑን ጦርነት መድረክ ያደረገ መጽሐፍ ከሌላ የሰሜን ጦርነት ለሸሹ ሰዎች መዝናኛ ሊሆን ይገባል ወይ? ጥያቄውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ እነርሱ አልጠየቁትም። ስለላው ሲጧጧፍ እንደ ማንኛውም አንባቢ «ቀጥል» ይሉ ነበር፤ ወደ ግንባር ሲደርስ ንባቡ ራሱ ይቀዘቅዛል፣ አንባቢው ገጹን ለሌላ ያቀብላል። አንድ የቀድሞ መምህር የነገረኝ ሐሳብ ከብዙ የሒስ ጽሑፍ ይበልጥብኛል፤ በእርሱ አስተያየት መጽሐፉ የሚወደደው ጦርነት ስላለበት ሳይሆን፣ በውስጡ አንድ ሰው ሁልጊዜ ስለሚጠይቅ ነው። ፈጣን ልቦለድ የስሜት ማደንዘዣ ነው የሚለውን የተለመደ ክስ ይህ ይቀንሰዋል። አንባቢዎቹ የሚጣደፉት ወደ ጥያቄው መልስ ነበር።

የካምፕ ሕይወት የራሱ ሰዋስው እንዳለውም እዚያ ይታያል። ሰው ታሪኩን ሲነግር በቦዝ ይደረድረዋል፦ ቤቱን ጥሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ተመዝግቦ፣ መጠለያ ተሰጥቶት... ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግስ ብዙውን ጊዜ «አለ» ነው፤ «እዚህ አለሁ»። መዝገቡ ደግሞ «ተፈናቃይ» ይለዋል፤ ከተገብሮ ግስ የወጣ ስም ነው፤ አፈናቃዩ በቃሉ ውስጥ ቦታ የለውም።

8. መደምደሚያ

«ኦሮማይ» እንከን የሌለበት ልብ አንጠልጣይ አይደለም። ስብሰባዎቹ ይረዝማሉ፤ ሴቶቹ በሚገባቸው ልክ አልተሣሉም። ሆኖም የአማርኛን የማዘግየትና የመደበቅ ኃይል ለአንባቢ ደስታ ያዋለ፣ ያንኑ ኃይል ለዝምታ ያዋለውን የሪፖርት ቋንቋ ደግሞ አጠገቡ አቁሞ ያጋለጠ መጽሐፍ ነው። ለዘርፉ እንግዳ የሆነ አጥኚ የሚጀምርበት መጽሐፍ ቢፈልግ ያለ ማመንታት ይህን እጠቁመዋለሁ።

ለሥራ ባልደረቦቼ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። የቦዝ አንቀጽ ጥናቶቻችን ከተረት ጎን ለጎን የወንጀልና የስለላ ልቦለዶችን የጽሑፍ ክምችት ያካትቱ፤ ረጃጅም የቦዝ መደዳዎች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነውና። የመርማሪ ልቦለድ ትርጉሞችን የሚያጠና ሰው ተርጓሚው የወንጀለኛውን ፆታ በየትኛው መውጫ እንደደበቀ ይመዝግብ፤ የሰዋስው ምርጫና የሴራ ምርጫ አንድ የሚሆኑበት ቦታ ነው። ሦስተኛም፣ አማርኛንና ትግርኛን አብረው የሚናገሩ አንባቢዎች ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ ይቀዳ። በድንበሩ ግራና ቀኝ እንዲህ ያሉ አንባቢዎች ሞልተዋል፤ እስካሁን የጠየቅናቸው ግን ስለ ተረትና ስለ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። ምን ማንበብ እንደሚወዱም እንጠይቃቸው።